የሐሙስ ወተት

የልጅ ልጄ ጂጂ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከኮሌጅ ስትመለስ በሩን በእግሯ ገፍታ ገባች። እጇ ሳይሞላ በር በእግሯ የምትገፋው ስትናደድ ብቻ ነው። ቦርሳዋን አልጋው ላይ ጣለችና የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«መምህርሽ መለሰው?» አልኳት።

«መለሰው፣ አኮ። ሁለተኛ ጊዜ።»

አኮ የምትለኝ በኦሮምኛ ነው፣ አያቴ ማለቷ ነው። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እናቷ ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች፤ ሱሉልታ የምትመጣው በወር አንዴ ነው።

ጂጂ የእንስሳት ሳይንስ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ለመመረቅ አንድ ጥናት መሥራት አለባት። ከጥናቱ በፊት ደግሞ ምን እንደምታጠና ጽፋ ማስፈቀድ አለባት፤ ፕሮፖዛል ይሉታል። የሚፈለገው ብዙ አይደለም፤ አንድ ገጽ መግቢያና አንድ ጥያቄ። ግን እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ካልተፈቀደላት ጓደኞቿ ይመረቃሉ፣ እሷ ለሚመጣው ዓመት ትቀራለች። ያን ሰሞን እህል አልበላ ብሏት የነበረው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ያቀረበችው ስለ ኢትዮጵያ የወተት ምርት ችግሮች ነበር። አማካሪዋ መምህር በሪሁን ይባላል። «አገሩን ሁሉ በሁለት ወር ልትዞሪው ነው?» ብሎ መለሰላት። አሁን ደግሞ ወደ ሱሉልታ አጥብባ ብታመጣው፣ በቀይ ስክሪብቶ አንዲት መስመር ብቻ ጽፎበታል። «መልሱን ካወቅሽው ለምን ትጠይቂያለሽ?»

«ምን ማለቱ ነው?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቃለሁ! ደግሞ በእንግሊዝኛ አትጻፊ አለኝ። በእንግሊዝኛ ስትጽፊ የሌላ ሰው ቃል ነው የምትገለብጪው፤ መጀመሪያ ቤትሽ በምትናገሪበት ቋንቋ ጻፊና ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ትመልሽዋለሽ አለ። እኛ ቤት ሁለት ቋንቋ ነው፣ በየትኛው ልጻፍ ብለው፣ ስትናደጂ የምትናገሪው በየትኛው ነው አይለኝም?»

«በየትኛው አልሽው?»

«በአማርኛ።» ሳትፈልግ ፈገግ አለች። «በሱ ጻፊ አለኝ።»

ጂጂ በልጅነቷ የጥያቄ ብዛት ነበራት። ጥጃዋ ወተቷን ስንወስድባት ለምን ዝም እንደምትል፣ ወተት ሲፈላ ለምን ሽቅብ እንደሚወጣ ትጠይቀኝ ነበር፤ ግማሹን እመልሳለሁ፣ ግማሹን ሥራ አለኝ ብዬ አልፋለሁ። አምስተኛ ክፍል ስትደርስ ግን መጠየቅ ተወች። ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ወተቱን መሰብሰቢያው ድረስ የምታደርሰው እሷ ነበረች። የዩኒፎርሟን ሽታ ይዘው ልጆቹ «ወተቴ» የሚል ስም አወጡላት። ከዚያ ወዲያ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመረች፤ ወተቱን እኔው ተረከብኩ። ኮሌጅ ገብታም ከየት ነሽ ሲሏት «ከአዲሱ ገበያ አካባቢ» እንደምትል ያወቅኩት፣ ሉሲ የምትባል ጓደኛዋ አንድ ቀን እኛ ቤት መጥታ ላማችንን ባየች ጊዜ ነው። «ላም አላችሁ እንዴ!» ብላ ደነገጠች። ጂጂ መሬት መሬት አየች። አልተቀየምኳትም። ልጅ የመጣበትን የሚሸሽግበት ዕድሜ አለ።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ቤተ መጻሕፍት ስትሄድ ወረቀቱን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ትታው ሄደች። በአማርኛ መጻፍ ጀምራበት ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነውና የማነበው በዝግታ ነው፤ ግን የጂጂ ጽሕፈት ትልልቅ ነው። የመጀመሪያው መስመር «ወተት ለሰው ልጅ ጤና እጅግ ጠቃሚ ምግብ እንደሆነ ይታወቃል» ይላል። ይታወቃል። ቀጠልኩ። ወደ መሃል ስደርስ ጣቴ ቆመ።

«በሱሉልታና አካባቢዋ የሚገኙ ሴቶች ስለ ወተት አያያዝ ያላቸው ግንዛቤ ዝቅተኛ በመሆኑ የማታውን ወተት ከጠዋቱ ጋር በመቀላቀል እንዲበላሽ ያደርጋሉ።»

በሱሉልታና አካባቢዋ የሚገኙ ሴቶች እነማን ናቸው? እኔ ነኝ። ጎረቤቴ ስንዱ ናት። ወተት ይዘን ጠዋት ጠዋት የምንሰለፈው ሁላችን ነን። መቀላቀሉንስ እንቀላቅላለን፣ ውሸት አልጻፈችም። ግን ሠላሳ ዓመት ላም ያለበች ሴት፣ ያደረ ወተት ትኩሱን እንደሚያበላሽ ሳታውቅ ትቀራለች?

ወረቀቱን እንደነበረ አስቀመጥኩት። ስትመጣ ልነግራት አሰብኩና ተውኩት። ብነግራት ታፍራለች፤ ካፈረች ደግሞ ብዕር አታነሳም። ዓርብ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነበር።

ማታ ላማችንን ቦራን አለብኳት፤ አራት ሊትር ያህል ሆነ። በሌላ ቀን ቢሆን ጂጂ አንድ ብርጭቆ ትጠጣለች፣ እኔም እቀምሳለሁ፣ ጎረቤት ይገዛል፣ የተረፈው ይረጋል። ረቡዕ ግን ጾም ነው፤ የሚገዛ ጎረቤት አይመጣም። ቤታችን ውስጥ የሚጠጣ ሕፃን የለም። መሰብሰቢያው ደግሞ ማታ አይከፈትም፤ ጠዋት ብቻ ነው። ባልዲውን ከድኜ ጥግ አኖርኩት።

ሐሙስ ማለዳ ጂጂ ከእኔ ቀድማ ተነሥታ ጠበቀችኝ።

«አኮ፣ ዛሬ ወተቱን እኔ ልያዘው። መምህሩ ሄደሽ እዪ ብሎኛል።»

«ነዪ» አልኳት። ደስ አለኝ፤ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ እዚያ ደጅ አልረገጠችም ነበር።

የጠዋቱን አልቤ ሰጠኋት፤ ወደ ጀሪካኑ ገለበጠችው። ከዚያ ጥግ ያለውን ባልዲ አየች።

«ይሄስ?»

«የማታው ነው» አልኳት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም።

ክዳኑን ከፈተች፣ አሸተተች። «ደህና ነው» አለችና በጠዋቱ ላይ ደፋችው።

እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው። ባለፈው ሐሙስ አድርጌው ተመልሶብኛል፤ ከዚያ በፊት ባለው ሐሙስ አድርጌው አልፎልኛል። ሌሊቱ ሲበርድ ያልፋል። ስለሚያልፍ እንሞክራለን።

ጥቅምት ነበርና ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሜዳው ላይ የድርቆሽ ክምር በአይሱዙ ሲጫን እያየን ወረድን። መሰብሰቢያው ከዋናው መንገድ ጀርባ ያለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ወተት የሚረከቡት ኦቦ ኢቲቻ ናቸው፤ ነጭ ጋዋናቸውን በካፖርታቸው ላይ ደርበው በሩ ላይ ይቆማሉ። ከእያንዳንዱ ሰው ወተት ትንሽ ቀድተው በብልቃጥ ውስጥ ከአልኮል ጋር ይቀላቅሉታል። ለስላሳ ሆኖ ከቆየ ይገባል፣ ፍርፍር ካለ ይመለሳል።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ?» ብላ ጂጂ እንዴት አደሩ አለቻቸው።

«ናጋ! አካም ቡልቴ? ይቺ ጂጂ አይደለችም እንዴ? እኛ እኮ አግብተሽ ሄደሻል ብለን ነበር።»

«ተማሪ ናት፤ ማን ያገባታል!» አለች ስንዱ ከፊታችን። የስንዱ ወተት ያኔ መመለሱ ነበር፤ ጀሪካኗን አቅፋ ቆማለች፤ መሄድ ግን አልፈለገችም። ስንዱ የሰው ነገር ሳያልቅ አትሄድም።

የእኛ ተራ ደረሰ። ኦቦ ኢቲቻ ብልቃጡን ነቅነቅ አድርገው ወደ ብርሃን አነሡት። ውስጡ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ብልቃጡ ላይ ተለጠፈ።

«ይመለስ» አሉ።

የጂጂ ጆሮ ሲቀላ አየሁት። «ምን ሆኖ? አሁን የታለበ እኮ ነው!»

«ቀላቅለሻል።»

«አልቀላቀልኩም!» አለችና ድንገት ቆመች። ወደ ጀሪካኑ አየች። «ቀላቅያለሁ።»

«ኧረ ሳይንቲስቷ!» አለች ስንዱ፣ ሰልፉ ሁሉ እስኪስቅ። «ያንቺም ይመለሳል እንዴ? እኛ የመሃይም ብቻ መስሎን!»

«ታዲያ ምን ላድርገው፣ ልድፋው? ወተት ይደፋል እንዴ!»

«ይኸውልሽ! እኛስ ምን አልን?»

ሳቁ ገና አላባራም። ጂጂ ግን አልሳቀችም። ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«አኮ፣ ስገለብጠው አይተሽኛል።»

«አይቻለሁ።»

«ለምን ዝም አልሽኝ?»

«አልጠየቅሽኝም።»

ትንሽ አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ ገባት። «ወረቀቴን አንብበሽዋል» አለች፤ ድምጿ ወረደ። «እዚያ ላይ የጻፍኩት... ሼም ነው፣ አኮ። ስለ አንቺ ማለቴ አልነበረም።»

«ምን አጥፍታ ነው?» አለች ስንዱ አንገቷን አስግጋ።

«የቤት ነገር ነው» አልኳት። የጂጂን እጅ ያዝኩት፤ ቀዝቅዞ ነበር።

ከእኛ በኋላ የሌላ ሴትዮ ወተት ተመለሰ። ቀጥሎ የሌላ። ኦቦ ኢቲቻ ደብተራቸው ላይ እየጻፉ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው፣ «ሐሙስ አይደል፤ ሐሙስ መቼም እንዲህ ነው» አሉ። ቅዳሜ ገበያ ነው እንደሚል ሰው ነው የተናገሩት።

ጂጂ እጄን ለቀቀችኝ። «ምን አሉ፣ ኦቦ?»

«ሐሙስ ብዙ ይመለሳል ነው ያልኩት። ቅዳሜም እንዲሁ።»

«ለምን?»

«እኔ ወተት ተቀባይ ነኝ፣ ነቢይ አይደለሁ።»

«ደብተሩን ያሳዩኝ።»

«ለምን፣ ለወረዳ ልትከሺኝ ነው?»

«ለትምህርቴ ነው። በእናትዎ፣ አንዴ ብቻ።»

ደብተሩን ሰጧት። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ጭኗ ላይ ዘረጋችው። ያለፈውን የአራት ሳምንት ተመላሽ በየቀኑ እየለየች ምልክት አደረገች። ሁለቴ ቆጠረችው። አርባ አንድ ጊዜ ወተት ተመልሷል፤ ሃያ ዘጠኙ በሐሙስና በቅዳሜ ነው።

«ሐሙስና ቅዳሜ» አለች ለራሷ። «ሐሙስና ቅዳሜ ምን አለ?»

«ረቡዕና ዓርብ ምን አለ አትይም?» አልኳት።

እስክትመልስልኝ ድረስ ፊቷን እያየሁ ነበር። ከተወለደች ጀምሮ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች። ጾም ለእሷ እንደ አየር ነው፤ በውስጡ ስለኖረች አላየችውም። አማካሪዋ የመለሰላት ወረቀት ላይ ዕቃ፣ ሳሙና፣ እጅ መታጠብ ሁሉም ነበር፤ ጾም አልነበረም።

«ማታ የሚጠጣው ሰው የለም!» ብላ ብድግ አለች።

«የእኔ እኮ ሐሙስ ተመልሶ አያውቅም» አለ ከሰልፉ መሃል ከድሩ። ከቤታችን በታች ሦስት ላሞች ያሉት ሙስሊም ጎረቤታችን ነው። «ማታ የታለበውን ልጆቼ ይጨርሱታል።»

«ቆይ፣ ረመዳን ሲገባ እናይሃለን!» አለችው ስንዱ።

«በረመዳንማ ማታ ነው የምንጠጣው! ጭራሽ አይተርፈንም፤ ከአንቺም ልንገዛ እንመጣለን።»

ጂጂ ይሄንንም ጻፈች። ወረቀት ስላልያዘች መዳፏ ላይ ነበር የጻፈችው።

የተመለሰውን ወተት ይዘን ወጣን። ግማሹን ለጥጃዋ ሰጠን፣ ግማሹን አረጋነው። ከቀትር በኋላ ጂጂ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች፤ እኔ በሩ ጋ ሆኜ ጥጥ እየፈተልኩ በዓይኔ ጥግ እጠብቃት ነበር። የመጀመሪያውን መስመር ሰረዘችው።

«ወተት ለጤና ጠቃሚ መሆኑን ለማን ነው የምነግረው?» አለች።

«መምህርሽ ሳያውቀው አይቀርም።»

በቦታው የጻፈችውን ጮክ ብላ አነበበችልኝ፦ «በሱሉልታ ከተማ በአንድ የወተት መሰብሰቢያ በአራት ሳምንት ውስጥ አርባ አንድ ጊዜ ወተት ተመልሷል። ከዚህ ውስጥ ሃያ ዘጠኙ የተመለሰው በሐሙስና በቅዳሜ፣ ማለትም በጾም ቀን ማግስት ነው።»

«ይሄን ያነበበ ሰው ቀጥሎ ምን ይላል?» አለችኝ።

«ለምን ይላል።»

«በቃ፣ መግቢያ ማለት እሱ ነው» አለች፤ ከእኔ ይልቅ ለራሷ ነበር የምትነግረው። ከዚያ ሌሎች ሰዎች ስለ ወተት መበላሸት ያጠኑትን አስከተለች፤ ስለ ዕቃ ንጽሕና ጽፈዋል፣ ስለ ሙቀት ጽፈዋል። እሷ ባገኘቻቸው ጽሑፎች ውስጥ ግን ወተቱ በየትኛው ቀን እንደሚመለስ የጠየቀ የለም። ስለዚህ እኔ ልጠይቅ ብላ ዘጋችው። ከሰፊው ጀምራ እያጠበበች ወደ አንዲት ነጥብ አመጣችው። ግንዛቤ የሚለውን ቃል አውጥታዋለች፤ እንዳየሁ አላሳወቅኳትም።

ጥያቄው ላይ ግን ተቸገረች። «ጾም ወተትን እንዴት ያበላሻል» ብላ ጻፈች።

«ጾሙ ምን አደረገ?» አልኳት። ይሄን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። «ጾሙ ባልዲ ውስጥ አልገባም። ትናንት ሴቶቹን ከሰስሽ፣ ዛሬ ጾሙን ልትከሺ ነው?»

«ታዲያ ማንን ልክሰስ?»

«ጠያቂ ነሽ ወይስ ዓቃቤ ሕግ?»

ብዕሩን አስቀምጣ ሳቀች። ለሳምንት ያልሰማሁት ሳቅ ነበር። ከዚያ ተነሥታ ትናንት ማታ ባልዲው የነበረበት ጥግ ሄደች፤ ቆማ አየችው። ጥጉ ምድጃው አጠገብ ነው። ስንዱ የማታውን አልጋ ሥር ታሳድራለች። ሌላዋ ደጅ ውኃ ውስጥ ታቆመዋለች።

«አኮ፣ ሁሉም ሰው አንድ ቦታ አያሳድረውም፣ አይደል?»

«አያሳድርም።»

ተመልሳ ጻፈች፦ «በጾም ቀን ማታ የታለበ ወተት የትና እንዴት እንደሚያድር በማግስቱ ከሚመለሰው ወተት ጋር ምን ግንኙነት አለው?» በአንድ ትንፋሽ አነበበችው። ደገመችው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ እንግሊዝኛ መልሳ ጨረሰች፤ ራቷንም በላች።

ዓርብ ጠዋት የአዲሱ ገበያውን ታክሲ ይዛ ሄደች። እኔ ቤት ጠርጌ፣ የጠረግኩትን ደግሜ ጠረግኩ። አምስት ሰዓት ሆነ፣ አልደወለችም። ስድስት ሰዓት ሆነ። ስልኩን አንሥቼ መሥራቱን አየሁ። አጥር ዘልላ ስንዱ መጣች፤ «አለፈች?» አለችኝ፤ ነገሩን በምን እንደሰማችው እንጃ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ጮኸ።

«አኮ!»

«ወዬ!»

«አለፈ! ፈረመ!»

ደፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ስንዱ እልል አለች። ጂጂ በወዲያኛው በኩል እየሮጠች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁትም፤ አንዱን በአንዱ ላይ እየደራረበች ታወራለች። መምህር በሪሁን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ «ይሄን ከየት አመጣሽው?» አላት። «ከሰፈሬ፣ ከሱሉልታ» አለችው። ሱሉልታ ማለቷን ሰምቻለሁ። ሁለት ነገር እንድትጨምር አዟታል። አንደኛ፣ የሚጾሙ ቤቶችን ብቻ ሳይሆን የማይጾሙትንም አይታ እንድታወዳድር። ሁለተኛ፣ መረጃውን የገና ጾም ሳይገባ እንድትሰበስብ፤ ጾሙ ከገባ ቀኑ ሁሉ ጾም ይሆንና ሐሙስን ከማክሰኞ የሚለየው ነገር አይኖርም። ስለዚህ ሥራው ከነገ ጀምሮ ነው።

አሥር ሰዓት ላይ በእጇ በሩን ከፍታ ገባች። የሚጠየቁትን ሰዎች ስም ዝርዝር በታክሲ ውስጥ ጽፋ ጨርሳለች፤ አሥራ ሁለት የሚጾሙ ቤቶች፣ ስድስት የማይጾሙ፤ ከድሩ አንደኛ ነው። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየሁት። የእኔ ስም የለም።

«እኔን መቼ ነው የምትጠይቂኝ?» አልኳት።

«አንቺን አልጠይቅም። መምህር በሪሁን ከልክሎኛል። ሰው ለዘመዱ ጥሩ ጥሩውን ነው የሚመልሰው አለ።»

«እውነቱን ነው» አልኩ። ትልቅ ሸክም ወረደልኝ። ከጠዋት ጀምሮ ስላለፉት ሐሙሶች ምን ብዬ እንደምመልስላት ሳሰላስል ነበር። «ስንዱን ጠይቂ፤ ደብተርሽን ትሞላልሻለች።»

ባልዲዬን አንሥቼ ወደ ቦራ ወጣሁ። አልቤ ስመለስ ጂጂ ጫማዋን አውልቃ፣ ብዕሯን እንደያዘች በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ዓርብ ነበር። ወደ ባልዲው አየች፣ ወደ እኔ አየች።

«አኮ፣ የዛሬውን የት ልታሳድሪው ነው?»

«አትጠይቂኝም አላልሽም?» አልኳት፤ አልፌያትም ገባሁ።